ሰው ያስፈልጋታል ይሉኛል፤ የትኛው ሰው?

ልብስ ሰፊዋ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የማነብ እንጂ የምጽፍ አይደለሁም። ዛሬ ግን ጨነቀኝ። ረዘም ይላል፣ ይቅርታ።

ታናሽ እህቴ ያገባችው አጋሮ ነው። አምስት ዓመት ኖረች። ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። የአራት ዓመት ልጇን አዝላለች። በእጇ አንድ ፌስታል ብቻ። ፌስታሉ ውስጥ የልጁ ሹራብ፣ ግማሽ ዳቦና የቤታቸው ቁልፍ ነበር። ቁልፉን ለምን እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። ፊቷን አልነግራችሁም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ናት። መርካቶ አካባቢ ትንሽ የስፌት ሱቅ አለችኝ፣ ከጀርባዋ ባለችው ክፍል እንኖራለን። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ባጃጅ ደጃፍ ላይ ሲቆም ልጁን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ሌሊት አትተኛም። ቀን እኔ ስሰፋ አጠገቤ ቁጭ ብላ መሬት የወደቀ ክር ትለቅማለች። ሌላ ምንም።

ሁሉም ሰው "ብቻዋን አትሁን፣ ሰው ያስፈልጋታል" ይለኛል። ልክ ነው። ግን ያለን ሰው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ የቡና ጎረቤቶቼ። አራት ቤት ነን፣ ተራ በተራ ስናፈላ ዘጠኝ ዓመታችን። ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ፣ እናቴ ስታርፍ ከድንኳኑ ያልተለዩኝ እነሱ ናቸው። ውለታቸውን አልክድም። መጀመሪያ ሳምንት እህቴን ይዣት ሄድኩ። አንደኛዋ "አይዞሽ፣ የኔም በጉብዝናው ጊዜ እጁን ያነሳ ነበር፣ አሁን በግ ሆኗል" አለቻት። ሌላዋ "ልጅ ያለ አባት..." ብላ ጀመረች። እህቴ ቶናው ሳይደርስ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ቡና ላይ አልወጣችም።

ይባስ ብሎ ከመሃላችን አንዷ ወሬ ወደ አጋሮ ታቀብላለች። በምን አወቅሽ ካላችሁ፣ እህቴ አንድ ቀን ብቻ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ልትተክል ሞክራ ነበር። ሁለት ተክላ ተወችው። በማግስቱ ባሏ ደውሎ "ልብስ ሰፊ ሆንሽ አሉ" አላት። ያን ቀን ቤቴ የገባችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎች። በየእሁዱ ይመጣሉ። እስካሁን ሦስቴ። መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ ቀጥሎ ማር ይዘው። (ማሩ ጥሩ ማር ነበር፣ ውሸት አልናገርም።) የሚሉት አንድ ነው፤ "ሰይጣን ገብቶ ነው።" ሰይጣኑ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ቆየ ብዬ ብጠይቅ ባለጌ ተባልኩ።

ሦስተኛ፣ እኔ። እኔ ደግሞ ደከመኝ። ለመናገር አፍራለሁ። ሌሊት አብሬያት እነቃለሁ፣ ቀን የተማሪ ዩኒፎርም ሥራ ተከምሮብኛል። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። በአስራ አምስት ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄው ነው። የትኛው ሰው ነው የሚያስፈልጋት? ጎረቤቶቼንስ ምን ላድርጋቸው? ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ቁርስ ቤት

እህቴ፣ እኔም ጅማ ነኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቁርስ ቤት አለኝ። ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ፌስታል ስትይ ሳቅም እንባም መጣብኝ። እኔ ይዤ የወጣሁት የቡና ሙቀጫ ነው። ልብስ ትቼ ሙቀጫ!

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። እኔን ያቆሙኝ ሰዎች አምስት ናቸው። አምስቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንዳቸውም ሙሉውን ታሪክ አያውቁም።

አከራዬ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ አሁን አርፈዋል። ምን ሆነሽ ነው ብለው አልጠየቁኝም። ግን ሁልጊዜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የግቢውን በር ይቀረቅሩና ጮክ ብለው "ተዘግቷል!" ይሉ ነበር። ለማን እንደሚናገሩ አይገባኝም ነበር። ግቢው ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ለካ ለኔ ነው። እንቅልፍ የሚወስደኝ ከዚያች "ተዘግቷል" በኋላ ነበር። አንድ ቀን ታመው ሳይሉ ቢቀሩ እስኪነጋ ቁጭ አልኩ።

ባጃጅ የሚነዳ የሰፈር ልጅ ነበር። ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ "ዛሬ በኋለኛው መንገድ ነው የምሄደው" አለኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝም።

የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ወረቀቶቼን ቤቷ አስቀመጠችልኝ። መታወቂያ፣ የልጄን የክትባት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት። እኔ ቤት ቢሆን አንድ ቀን ይጠፋ ነበር።

አሁን ስለ አክስቴ ልጅ ላውራሽ፣ ይሄ ይጠቅምሻል። በጣም ትወደኛለች። ግን ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች። እኔ ተነስቼ ውሃ አመጣላታለሁ፣ አባብላታለሁ፣ "ደህና ነኝ እኮ" እላታለሁ። ስትሄድ ሬሳ ሆኜ እቀራለሁ። አትምጪ ማለት ደግሞ አልችልም። በመጨረሻ ብልሃት መጣልኝ። ሐሙስ ገበያ መላክ ጀመርኩ። ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ከሰል። ገበያ ላይ የምትደፍራት ሴት የለችም። ለቅሶዋም ቀነሰ። እስከ ዛሬ ለቁርስ ቤቴ የምትገዛልኝ እሷ ናት።

ስለዚህ ሰው ስትፈልጊ ማን ይወዳታል ብለሽ ብቻ አትፈልጊ። ማን ምን ሥራ ይችላል በይ። በር የሚዘጋ፣ ልጅ የሚያደርስ፣ ወረቀት የሚደብቅ።

ሌላው፣ ሁለቴ ተመልሻለሁ። አዎ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ተቀየመኝ። "እኛን አዋርደሽ" ያሉኝ አሉ። ሦስተኛ ስወጣ የሄድኩት አብሬያት እንጀራ እጋግር የነበረች ሴት ቤት ነው። በሩን ከፍታ አየችኝ። ያለችው "ምጣዱን ታሰሽልኛለሽ ወይስ መጀመሪያ ትተኛለሽ?" ብቻ ነው። ነግሬሽ ነበር ብትል ኖሮ አራተኛ ጊዜ የምወጣበት ቤት አይኖረኝም ነበር። እህትሽ አንድ ቀን "ልመለስ" ብትልሽ ክው እንዳትዪ። ተቆጪ ግን በርሽን አትዝጊ።

ጎረቤቶችሽን አትተያቸው፣ ግን አትንገሪያቸው። ለገንፎና ለድንኳን የሚሆን ሰው ለምስጢር ላይሆን ይችላል። ወሬ አቀባይዋን ደግሞ አውቀሽ እንደማታውቂ ሁኚ። አንዳንዴ ወሬው በየት እንደሚሄድ ማወቅ ራሱ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ረሳሁ። ባለቤቴ የነበረው ሰው "አንቺ መልስ እንኳ መቁጠር አትችይም" ይለኝ ነበር። ስንት ዓመት ስሰማው አመንኩ። በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት የሰፈሩ እቁብ ጸሐፊ አደረጉኝ። አልችልም ብዬ ለመንኳቸው። ሰብሳቢዋ "ሌላ የሚጽፍ የለም፣ አትቅበጪ" አለችኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ገንዘቡን ሦስቴ ቆጠርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልክ ነበር።

የአጋሮ ልጅ

እኔ የማንንም ወገን አልይዝም። ግን ትዳር ማፍረስ ቀላል ነው፣ መገንባት ነው ከባዱ። ሽምግልና ባህላችን ነው። ሁላችሁም "ውጪ ውጪ" ስትሉ ለልጁ ማን አሰበ? ሰውዬውስ የሚለው አይሰማም?

ጡረተኛው

የአጋሮው ልጅ፣ አንተን ልመልስልህ። ዕድሜዬ 68 ነው። ከእርሻ ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሽምግልና ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ፣ የአጥር፣ የከብት፣ የባልና ሚስት። ባህል መሆኑን አልከራከርህም።

አንዲት ልጅ በእጄ መልሻለሁ። ስሟንም አገሯንም አልጠራም። ባሏ ጉልበታችን ላይ ወድቆ ማለ። እኛም ደስ አለን፣ መረቅን፣ በልተን ሄድን። በአራተኛው ወር ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችብኝ። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እሱን ስናስምለው እሷን ለብቻዋ አስቀምጠን "አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" ያላት ሰው አልነበረም። ለልጁ ማን አሰበ ያልከው ደግሞ፣ የእናቱ ክንድ ሲሰበር ልጁ እዚያው ቤት ነበር።

ልጄ ልብስ ሰፊዋ፣ ሽማግሌዎቹ እሁድ ሲመጡ አታባርሪያቸው። ሥራ ስጪያቸው። "የእህቴን መታወቂያ፣ የልጁን የልደትና የክትባት ወረቀት፣ ልብሷን አምጡልኝ፣ ከዚያ እንነጋገር" በያቸው። እውነተኛ ሽማግሌ ከሆነ ያመጣል። የተላከ ብቻ ከሆነ ደግሞ መምጣቱን ይተዋል። በሁለቱም ታተርፊያለሽ። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠን እንስማ ካሉሽ ግን እሺ አትበይ። እሱ ባለበት እሷ እውነቱን አትናገርም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፣ ዘግይቼ ተማርኩት።

ነርስ ነኝ

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን የሚናገር ሽማግሌ ብዙ አልሰማሁም።

እህቴ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ በኩል ልንገርሽ። ሌሊት አለመተኛት፣ በድምፅ መደንገጥ፣ ዝም ብሎ ክር መልቀም፣ እኔ በሥራዬ በየጊዜው የማየው ነው። ሰውነቷ ገና አጋሮ ነው ያለው። ብዙዎች ላይ በጊዜና በጸጥታ እየቀለለ ይሄዳል። ግን ሰባት ሳምንት ሆኗታል። እንቅልፉ ካልተስተካከለ፣ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ፣ ጎረቤትም እህትም አይበቃትም። ጅማ በዚህ ዕድለኛ ናት፣ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። "አበደች ይሏታል" ብለሽ እንዳትቀሪ።

ምን ሆንሽ እያለ አንድ በአንድ የሚያስወራትን ሰው አርቂላት። ባወራች ቁጥር ይቀላታል ብለን እናስባለን። ራሷ ስትጀምር አዎ። ሲያስጀምሯት ግን እንደገና እየኖረችው ነው። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ይበልጣል።

ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል ይሄንንም ልጨምር። የቁስል ምልክት ቶሎ ይጠፋል። ልክሰስ አልክሰስ ሳይወሰን እንኳ ታይቶ በሕክምና ማስረጃ ቢመዘገብ በኋላ ይጠቅማል። መደፈር ከነበረ ደግሞ ሰዓት ይቆጠራል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ ቢሆን ይመረጣል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን። በአንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባል አለ፣ አዲስ አበባ የጋንዲው ይታወቃል። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ ናቸው። አራት ቢሮ ዞራ አራት ጊዜ እንዳታለቅስ ነው ሐሳቡ።

ሕጉን በተመለከተ፣ "የባልና ሚስት ጉዳይ ነው" የሚልሽ ካለ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 አለ። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጥቃት ወንጀል ነው። ፍቺ ከተጠየቀም በትዳር የተፈራው ንብረት የጋራ ነው፣ ፌስታል ይዛ ስለወጣች አይቀርባትም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርም እንዲሁ። ግን ሂጂ፣ ክሰሺ ብለሽ አትጎትቻት። አድራሻውን ስጫትና ተያት። አምስት ዓመት ሌላ ሰው ሲወስንላት ኖራለች።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ አንድ ቁጥር አለ፣ ከጭንቅላቴ አይወጣም። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ለማንም! እህትሽ በዝናብ መጥታ በርሽን አንኳኳች። ሌላው እንዳለ ሆኖ፣ ያቺን ማንኳኳት ትልቅ ነገር አድርገሽ ያዢያት።

አንቺም ተኚ። ሳምንት አንድ ሌሊት ልጁን የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ። የገለበጥሽው እጅጌ የሚነግርሽ ነገር አለ።

ከአሰላ

ጎረቤቶች ሲባል አያቴ ትዝ አለችኝ። አርሲ ላይ ሲንቄ የሚባል አለ። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ባል በተለይ አራስ ሚስቱን ከመታ፣ ሴቶቹ እልል እያሉና እየጮኹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከቤት ቤት እየተጠራሩ። ልጅ ያልቅስ፣ ላም ሳትታለብ ትዋል፣ ጉዳዩ ካላለቀ ወደ ቤት የለም። ሰውዬው ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪከፍል ድረስ። አያቴ ሁለት ጊዜ ወጥታለች። እያወራች ትስቅ ነበር፣ ወንዶቹ ያን ቀን ራሳቸው ወጥ ሲሠሩ አሳርረው።

ጅማ እንደዚህ ይኑር አይኑር እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የምለው፣ የቡና ጎረቤት ሁሉ "የኔም ይማታ ነበር" የሚል አይደለም። ከአራቱ አንዷ ዝም ያለች የለችም? ሁለቱ ሲያወሩ ሦስተኛዋ ምን አደረገች? እስኪ አስቢ።

ልብስ ሰፊዋ (ጅማ)

ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ መሰለኝ። ሁላችሁንም አንድ በአንድ ማመስገን ነበረብኝ።

አባባ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። እሁድ አራት ሆነው መጡ። ሥራውን ሰጠኋቸው። በቀጣዩ እሁድ አንዱ ብቻ መጣ። ከሁሉም ዝም የሚለው ሰውዬ። መታወቂያዋን፣ የክትባት ካርዱንና ሁለት ቀሚስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ። ማርም ቅቤም አልያዘም። ቡና አፈላሁለት፣ ጠጥቶ "ሌላ የሚመጣ ካለ እኔ አልላክሁም" ብሎ ሄደ። ሌሎቹ እስካሁን አልመጡም።

የአሰላዋ እህቴ፣ ጥያቄሽ ሌሊት ሙሉ ሲያንገዋልለኝ አደረ። ሦስተኛዋ ያን ቀን ምን አደረገች? እህቴ ስትነሳ እሷም ተነስታ ነበር። "ልጁ ብርድ እንዳይመታው" ብላ ነጠላዋን አልብሳው ተመለሰች። ነጠላው እስከ ዛሬ እኛ ቤት ነው። አልጠየቀችንም። እኔም በንዴት ሌሎቹን ሳይ እሷን አላየኋትም። አስቡት፣ ዘጠኝ ዓመት!

ነጠላዋን አጥቤ ወሰድኩላት። ብዙ አልነገርኳትም። "ማክሰኞ ማታ ልጁ አንቺ ጋ ቢያድር?" አልኳት። "አምጪው" አለች። አሁን ማክሰኞ ማታ እዚያ ያድራል። የመጀመሪያው ማክሰኞ እኔ አስር ሰዓት ተኛሁ። አስር ሰዓት ሙሉ። እህቴ ደግሞ ብቻዋን ነቅታ ሸሚዞቹ ላይ ቁልፍ ስትተክል አደረች። ጠዋት ስነሳ አስራ አንድ ሸሚዝ ተደርድሯል። ሁለቱ ላይ ቁልፉ ጠሟል። ፈታሁት፣ አልነገርኳትም። (ካነበብሽው ደግሞ ይቅርታ።)

ቁርስ ቤት፣ ማታ ማታ በሩን ስቀረቅር ጮክ ብዬ "ተዘግቷል" ማለት ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ ቀን አሳቀኝ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ የለኝም። አሁን ልጁ ነው የሚለው። ቀድሞኝ ይሮጣል።

ሐኪም ቤት ገና አልሄደችም። አድራሻውን መቁረጫ መቀሱ ሥር አስቀመጥኩላት። ሁለት ጊዜ አንስታ አይታዋለች።

የአጋሮው ቁልፍስ አላላችሁም? የቤታቸው። አሁንም ፌስታሉ ውስጥ ነው። ምን እናድርገው ብላት "ይቀመጥ" አለች።

ወሬ አቀባይዋን በተመለከተ ገና አልወሰንኩም። ቡናው ተራዋ ሲደርስ እሄዳለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ አወራለሁ። ትናንት "እህትሽ እንዴት ናት?" አለችኝ። "ዩኒፎርም በዝቶብናል" አልኳት። ፊቷን ብታዩት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ በሬ ላይ ቆማ የልጇን ሱሪ ታሳጥሪልኛለሽ ትለኛለች። ተቀበልኩ። አሁን እሱን እየሰፋሁ ነው የምጽፍላችሁ።